ከስላይዱ ቀኝ ጠርዝ ውጭ የሚወጣው ሥዕል፦ ምክንያቱና ማስተካከያው

የፓወርፖይንት ስላይድ እንዲሠራ የታዘዘ ኤአይ ኤጀንት (ሥራውን በራሱ ደረጃ በደረጃ የሚያከናውን የኤአይ ፕሮግራም) የስላይዱን ዕቅድ አሳምሮ ያወጣል፤ ፋይሉ ሲከፈት ግን በስተቀኝ ያለው ሥዕል ከግማሽ በላዩ ከገጹ ውጭ ነው። ጥፋቱ የዕቅዱ አይደለም። ዕቅዱን ወደ ፓወርፖይንት ፋይል የሚቀይረው የፓይተን ላይብረሪ፣ ፓይተን-ፒፒቲኤክስ (python-pptx)፣ ቴምፕሌት (መነሻ የሚሆን ፋይል) ካልተሰጠው የሚከፍተው 4፡3 ገጽ ነው፤ ወርዱ 10 ኢንች፣ ቁመቱ 7.5። ኤጀንቱ ያቀደው ግን ለ16፡9፣ ማለትም ለ13.333 ኢንች ወርድ ነው። ከግራ 8 ኢንች ላይ የተቀመጠ 4.5 ኢንች ሥዕል 12.5 ላይ ያልቃል፤ 2.5ቱ ውጭ ይቀራል። ላይብረሪው ስህተት ብሎ አያቆምም፣ ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል።

የገጹን ወርድ 12192000 ኢኤምዩ፣ ማለትም 13.333 ኢንች ማድረግ (ኢኤምዩ በፋይሉ ውስጥ ርዝመት የሚለካበት አሃድ ነው፤ 1 ኢንች 914400 ኢኤምዩ ነው) ግማሽ መፍትሔ ነው፦ ገጹ ይሰፋል፣ የሌይአውቱ (የስላይዱ የተዘጋጀ አቀማመጥ) የርዕስና የጽሑፍ ሳጥኖች ግን በድሮ ልካቸው ወደ ግራ ተጠግተው ይቀራሉ። የሚሻለው በፓወርፖይንት ባዶ 16፡9 ፋይል አዘጋጅቶ እሱን ቴምፕሌት ማድረግ ነው።

ከዚያ ኤጀንቱ በሚያነበው ሰነድ አናት ላይ ይህን ጻፉ፦ «ገጹ 13.333 በ7.5 ኢንች ነው። ኅዳጉ በየጎኑ 0.5። የማንኛውም ሳጥን የግራ ርቀት ከወርዱ ጋር ሲደመር ከ12.833 አይብለጥ።» «በቂ ክፍተት ተው» ማለት ዋጋ የለውም፤ ቁጥር ካላገኘ ይገምታል። ዕቅዱ ወደ ፋይል ከመቀየሩ በፊትም ያንኑ ድምር የሚፈትሽ ሁለት መስመር ኮድ ጨምሩበት።