ምስሉ አለ፣ ድምፁ የት ሄደ? ኮምፒውተርን ከቲቪ ጋር ስናገናኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

የፋሲካ ዕለት ነው። አክስቴ ቤት ሃያ ሰው ተሰብስቧል። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። እኔ ቲቪው ሥር ተንበርክኬ ገመድ እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ። ከቢሮ የወጣች ያገለገለች ዴስክቶፕ ገዝተን ቲቪው ላይ ሰክተናታል። ሐሳባችን ሳሎኑን ሲኒማ ቤት ማድረግ ነበር። ምስሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ድምፅ ግን የለም። ተዋናዮቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ይሄ ዕቃ ትናንት ይናገር አልነበር እንዴ?» አለች አክስቴ።

ይናገር ነበር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቤቱ በባለሙያ ተሞላ። አንዱ ገመዱ ነው ይላል፣ አንዱ ቲቪው ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ቫይረስ ነው ብሎ ይምላል። እኔ በሽቄ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግሁት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተነሣ። ድምፅ አሁንም የለም።

መፍትሔውን ያገኘችው የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። «ከቡፌው ኋላ የሆነ ነገር ያወራል» አለች። ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የተረሳ ኢርፎን ነበር። ፊልሙ እዚያ ውስጥ ለራሱ ሲያወራ ነው የዋለው።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ድምፅ ጠፋ» ሲለኝ «የት ሄደ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ብዙውን ጊዜ ድምፁ አልጠፋም። በሌላ በር ወጥቷል።

ቲቪውን ሳያዩ ኮምፒውተሩ ላይ መዝመት

በጣም ቀላሉ ስህተት ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። መጀመሪያ ሪሞቱን አንሡ። ቲቪው ዝም ተደርጎ እንደሆነ እዩ። ወደ ዲሹ ሪሲቨር ቀይሩት። ሪሲቨሩ ድምፅ ካለው የቲቪው ስፒከር ጤነኛ ነው፤ ከሌለው ደግሞ ኮምፒውተሩን ለቀቅ አድርጉት። ቲቪው ጀርባ ላይ የተሰካ ኢርፎን ካለ ንቀሉ። የቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ደግሞ ድምፁ የሚወጣው ከራሱ ስፒከር ነው ወይስ ከውጭ ስፒከር የሚለውን ተመልከቱ። አንድ ልጅ በሪሞቱ ሲጫወት «የውጭ ስፒከር» የሚለውን ከነካ ቲቪው ለዘላለም ዝም ይላል።

ምስል ከመጣ ድምፁም አብሮ ይመጣል ማለት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ዊንዶውስ ምስልንና ድምፅን ለየብቻ ነው የሚልከው። አንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ሁለቱንም ይሸከማል፤ ዊንዶውስ ግን ድምፁን በዚያ ገመድ ላይ ለመጫን ትእዛዝ ይፈልጋል። አንዳንዴ ራሱ ይገምታል። አንዳንዴ ደግሞ የለመደው ስፒከር ወይም ኢርፎን ላይ ሙጭጭ ይላል።

ስለዚህ ስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ያለችውን የስፒከር ምልክት በቀኝ ክሊክ ተጫኑና ሳውንድ ሴቲንግስ ግቡ። ድምፅ መውጫዎቹ ተዘርዝረው ይመጣሉ። የቲቪያችሁን ስም ፈልጉና ምረጡት። ዊንዶውስ 11 ያላችሁ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና ቪን አንድ ላይ ብትጫኑ ያው ዝርዝር ይመጣል። መሐል ላይ የድምፅ ማጉያ ሪሲቨር ካለ በቲቪው ፈንታ የእሱ ስም ሊታይ ይችላል፤ አትደንግጡ።

የቲቪው ስም ጭራሽ ከሌለስ? ከዚያው ሴቲንግ ወደ አሮጌው የሳውንድ መስኮት ግቡ፤ ፕሌይባክ የሚል ገጽ አለው። ባዶ ቦታው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ የተዘጉትንም የተነቀሉትንም እንዲያሳይ እዘዙት። ተዘግቶ የተኛ መውጫ ካለ ደብዝዞ ይወጣል። ቀኝ ክሊክ፣ ኢኔብል።

እዚህ መስኮት ላይ እያላችሁ አንድ ነገር ተመልከቱ። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ፎርማት አላደርግም ነበር። ፊልሙን አጫውቱና ከእያንዳንዱ መውጫ ጎን ያለውን መስመር እዩ። ድምፅ በሚሄድበት መውጫ አጠገብ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ላይ ወደ ታች ይዘልላል። አረንጓዴው ከሌላ መውጫ አጠገብ እየዘለለ ከሆነ ድምፁ መንገድ ስቷል፤ መውጫውን መቀየር ብቻ ነው። ከቲቪው አጠገብ እየዘለለ ዝም ካለ ደግሞ ኮምፒውተሩ ድርሻውን ተወጥቷል። ችግሩ ገመዱ፣ ቲቪው ወይም የተላከው የድምፅ ዓይነት ነው። የትም የማይዘልል ከሆነ የሚያጫውተው ፕሮግራም ራሱ ዝም ተደርጓል ማለት ነው። የብሮውዘር ታብ ለብቻው ድምፁ ሊዘጋ እንደሚችል ብዙ ሰው ይረሳል።

የማይመለከተውን ድራይቨር መጫን

«ድምፅ የለም? ሪልቴክ ድራይቨር ጫን!» የማይል ጓደኛ የለም። እኔም እል ነበር። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ከአንድ የኮምፒውተር ክፍል ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው።

ሪልቴክ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የድምፅ ቺፕ ነው። የሚመራው ክቧን የኢርፎን መሰኪያና ከኋላ ያሉትን ባለ ቀለም ቀዳዳዎች ነው። የኤችዲኤምአይ ድምፅ ግን የሚወጣው ከግራፊክሱ፣ ማለትም ምስሉን ከሚያወጣው ክፍል ነው። ለዚህም ነው የድምፅ መውጫው ከቲቪው ስም ጋር ኢንቴል፣ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ የሚል ስም የሚይዘው። ስለዚህ የምትጭኑት የግራፊክሱን ድራይቨር ነው። ሪልቴክን አሥር ጊዜ ብትጭኑት ቲቪው ምንም አይሰማም።

ሌላ ወጥመድ አለ። የግራፊክስ ድራይቨር ሲጫን የሚጫኑትን ክፍሎች የሚያስመርጥ አለ። «ቦታ ልቆጥብ» ብሎ የድምፁን ክፍል የሚተው ሰው አይቻለሁ። ቦታው ተቆጠበ፣ ድምፁም ተቆጠበ። ዊንዶውስ በራሱ አፕዴት ካደረገ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ የግራፊክሱን ድምፅ አንኢንስቶል አድርጉትና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት። ብዙ ጊዜ ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

በጣም ያረጁ የኤንቪዲያ ካርዶች ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። አንዳንዶቹ የራሳቸው ድምፅ አልነበራቸውም። ከማዘርቦርዱ በቀጭን ሽቦ ድምፅ እየተቀበሉ ነበር በኤችዲኤምአይ የሚያወጡት። ሽቦዋ ካልተሰካች ሴቲንግ ብትገለብጡ አይሆንም።

ገመድ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ኤችዲኤምአይ የለም። ቪጂኤ እና ዲስፕሌይፖርት ነው ያላቸው። ሰው በለመደው በሰማያዊው ቪጂኤ ይሰካል። ቪጂኤ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ምስል እንጂ ድምፅ የሚያልፍበት መስመር የለውም። ስለዚህ ለድምፁ ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። አንድ ጫፉ እንደ ኢርፎን መሰኪያ፣ ሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነውን ማለቴ ነው። ሦስተኛዋ ቢጫ ገመድ የምስል ናት፤ ለድምፅ አትጠቅምም።

በዲስፕሌይፖርት በኩል ያለው ይሻላል። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው አዳፕተር ባብዛኛው ድምፅም ያሳልፋል። አክስቴ ቤት ያለው ይሄ ነው። ዲቪአይ ግን ያስቸግራል። የተሠራው ለምስል ነው። አንዳንድ ግራፊክስ ካርዶች በዲቪአይ ቀዳዳቸው ድምፅ አብረው ይልካሉ፣ ብዙዎቹ ግን አይልኩም። አንዳንድ የቆዩ ቲቪዎች ለዚህ ብለው ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቻቸው አንዱ ላይ «ዲቪአይ» ብለው ይጽፋሉ፤ ለእሱ የሚሆን የድምፅ ቀዳዳም አጠገቡ ያስቀምጣሉ።

ወገቡ ወፍራም የሆነ የድሮ ቲቪ ያላችሁ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ የምትቀይረውን ትንሽ ሳጥን ታውቋታላችሁ። እሷ መብራት ትፈልጋለች። በዩኤስቢ ገመዷ ካልተመገበች አትሠራም። የቀይና የነጩን ጫፍ እስከ መጨረሻው ግፉት፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።

አንድ ፊልም ዝም ሲል ሁሉንም መነካካት

ዩቲዩብ ይሰማል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ያቺ አንዷ ፊልም ግን ዲዳ ናት። ይሄ የገመድም የድራይቨርም ችግር አይደለም። እባካችሁ ምንም አትንቀሉ።

ፊልም ውስጥ ያለ ድምፅ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ዶልቢ የሚባል ማሸጊያ አለ፣ ዲቲኤስ የሚባልም አለ። ማጫወቻው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ እሽጉን ራሱ ፈትቶ ለቲቪው ተራ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ወይ እንደታሸገ አሳልፎ «አንተ ፍታው» ይለዋል። ይሄኛው ፓስስሩ ይባላል። መፍታት ለሚችል ትልቅ የድምፅ ማጉያ ጥሩ ነው። ቲቪው መፍቻው ከሌለው ግን ዝም ይላል። ዲቲኤስን የማይፈቱ ቲቪዎች ብዙ ናቸው። ሳምሰንግ ለምሳሌ ከ2018 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን ትቶታል። በፍላሽ ቲቪው ላይ የሰካችሁት ፊልም ምስል ብቻ አሳይቶ፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ጥሩ አድርጎ ሲያወራ ገጥሟችሁ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ቪኤልሲ ወይም ኮዲ የሚባሉት የፊልም ማጫወቻዎች ላይ የድምፅ ሴቲንግ ግቡና ፓስስሩን አጥፉት። ኮምፒውተሩ ራሱ ይፈታል። ኮዲ ሌላም ጠባይ አለው። መውጫውን ለብቻው ይዞ ሌላውን ፕሮግራም ሊያስከለክል ይችላል። ብሮውዘራችሁ በድንገት ዝም ካለ ኮዲ ከኋላ ተከፍቶ እንደሆነ እዩና ዝጉት።

ሙዚቃውና ተኩሱ እየተሰማ ንግግሩ ብቻ ከራቀስ? ኮምፒውተሩ ስድስት ስፒከር ያለ መስሎታል። ፊልም ላይ ንግግር የሚሄደው መሐል ወደተቀመጠው ስፒከር ነው፤ እናንተ ቤት ደግሞ መሐል ላይ ስፒከር የለም። የስፒከር አደረጃጀቱን ወደ ስቴሪዮ መልሱት። የድምፁንም ጥራት 16 ቢት፣ 48000 ኸርዝ ላይ አድርጉት። «ትልቅ ቁጥር ይሻላል» ብሎ 192000 ላይ መስቀል ቲቪውን ዝም ሊያሰኘው ይችላል።

ሳውንድባሩን የትም መሰካት

ሳውንድባር (ቲቪ ሥር የሚቀመጠው ረጅም ስፒከር) ያላቸው የቲቪው ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ሁሉ እኩል ይመስላቸዋል። ከቲቪው ወደ ሳውንድባር ድምፅ የሚመልሰው ኤአርሲ የተጻፈበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ሌላው ላይ ስኩና ኤአርሲዋን ለሳውንድባሩ ተዉለት። በኦፕቲካል፣ ማለትም ድምፅን በብርሃን በሚያስተላልፈው ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ቆብ አውልቁ። አትሳቁ፣ ብዙ ሰው ከነቆቧ ለመሰካት ይታገላል። መስመሩ ሲሠራ ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን ይታያል።

ሊኑክስ ላይ ዊንዶውስን መፈለግ

አሮጌ ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የጫኑም አሉ። ነገሩ ያው ነው፤ መውጫውን ኤችዲኤምአይ አድርጉ። ካልሆነ ትእዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል ላይ አልሳሚክሰር (alsamixer) የሚባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ክፈቱ። ከመስመሩ ሥር ሁለት ኤም ካያችሁ መስመሩ ዝም ተደርጓል። እዚያ ሄዳችሁ ኤምን አንዴ መጫን ነው።

መብራት ሲመጣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማብራት

ይሄ የእኛ አገር ስህተት ነው ብል አልዋሽም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ዲቫይደሩ ላይ ያለው ሁሉ ባንድ ላይ ይነሣል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ገመዱን ይዞ ቲቪውን «ማን ነህ? ምን ዓይነት ድምፅ ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ቲቪው ገና ካልነቃ መልስ የለም። ኮምፒውተሩም ቲቪ የለም ብሎ ድምፁን ወደ ሌላ መውጫ ይልከዋል። ቲቪው ዘግይቶ ሲነቃ ምስሉ ይመጣል፣ ድምፁ ግን እዚያው በሄደበት ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ቲቪው ይቅደም። ትክክለኛው ኤችዲኤምአይ ላይ ይደረግ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ይብራ። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ከተነሣ ደግሞ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመለሳል። ግራፊክሱ እንደገና ስለሚነሣ አንዳንዴ ድምፁን ይዞት ይመጣል። ካልሆነ ገመዱን ነቅሎ መሰካት ነው።

አክስቴ ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። መብራት ሄዶ መጥቶ ድምፅ የለም አለች። «ቲቪውን መጀመሪያ አብርተሽ…» ብዬ ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። «እሱንማ አድርጌያለሁ። ኢርፎኑም መሳቢያ ውስጥ ነው። ሌላ ካለህ ንገረኝ።»

አረንጓዴዋን መስመር እንድታይልኝ ነገርኳት። ከቲቪው አጠገብ እየዘለለች ነበር። ሪሞቱ ላይ የተቀመጠው ድመቷ ነበር።