የቆየ ዓሳ እንደገና ሲገለጽ የሚሠሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ቀይ ባሕር ዓሳ ስጽፍ ጎረቤቴ እትዬ ይስቁብኛል። "ባሕሩ የት፣ አንቺ የት!"

እውነታቸውን ነው። ግን አንዳንድ የባሕር ዓሳ ድሮ አንዴ ተይዞ ስም ይወጣለትና ከዚያ ብዙ ዘመን ዳግም አይያዝም። የተጻፈለትም ሁለት ሦስት መስመር ነው። አዲስ ሲገኝ ዝርያው እንደገና በወጉ መገለጽ አለበት። ተማሪዎቼ ከጀማ ወንዝ በመጣ ዓሳ ሲለማመዱ የሚሳሳቱት እዚያም ያሳስታል።

ትልቁ ስህተት የድሮውን ጽሑፍ አምኖ የድሮውን ዓሳ ሳያዩ መጻፍ ነው። ስም የሚታሰረው ከጽሑፉ ጋር ሳይሆን ስሙ ከወጣበት ናሙና ጋር ነው። ፎርስኮልን ውሰዱ። ስዊድናዊ ነው፣ የቀይ ባሕርን ዓሳ ሲሰበስብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነው፤ እሱ አላየውም። ዓሳውን ለሁለት እየሰነጠቀ ግማሽ ቆዳውን አድርቆ እንደ ቅጠል ወረቀት ላይ ይለጥፈው ነበር። ቆዳዎቹ ዛሬም ኮፐንሃገን አሉ። ቀለማቸው የለም፣ ግን የክንፍ ዘንግ፣ ማለትም ክንፉን ወጥሮ የሚይዘው ቀጭን እሾህ መሰል ነገር፣ እና ቅርፊት ይቆጠርባቸዋል። ከደረቀ ቆዳ የተወሰደን ልኬት ግን ከትኩስ ዓሳ ጋር ዝም ብሎ ማነጻጸር አያዋጣም፤ ቆዳ ይኮማተራል።

ሌላው ችኮላ ነው። ዓሳው እንደመጣ ፎርማሊን ውስጥ ይዶላል። ፎርማሊን ገላውን ያቆያል፣ ዲኤንኤውን ግን ያበላሻል። ቀለሙም ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ክንፉን ዘርግቶ ፎቶ ማንሳት። ቀጥሎ ከቀኝ ጎኑ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ማስቀመጥ። ግራው ለልኬት ይቆያል። ፎርማሊን ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ቆጠራ ላይ ደግሞ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ባለፈው የአንድ ዓሳ የጀርባ ክንፍ ዘንግ ሲቆጠር አንዷ ተማሪ 9 ስትል ሌላዋ 10 አለች። በመርፌ ገለጥ አድርገን ሥሩን አየነው። የጀርባ ክንፉ የመጨረሻ ሁለት ዘንጎች ከአንድ ሥር ነበር የወጡት። እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ርዝመትም እስከ ጅራት ጫፍ አይለካም፤ ጫፉ ይሰበራል። ጅራቱ አጥንቱ ላይ እስከሚተከልበት ነው።

ቀለም ሲለያይ "ሌላ ዝርያ ነው!" ማለትም አለ። ንጉሠ ነገሥት የሚባለው መልአክ ዓሳ ልጅ ሳለ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ቀለበት አለው፣ ሲያድግ ቢጫ መስመር ያወጣል። ልጁ በአንድ ወቅት የራሱ ስም ወጥቶለት ነበር።

ከዓሳው ጋር ብልቃጥ ውስጥ በሚገባው ወረቀት ላይ "ከቀይ ባሕር" ብሎ ማለፍም አይበቃም። ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑ፣ በምን እንደተያዘ፣ ከገበያ ተገዝቶ ከሆነም ያው ይጻፍ። በእርሳስ ግን! የተራ እስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ከአንድ ብልቃጥ ወረቀቱን አውጥቼ ሳየው ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ጽሑፉ የራሴ ነበር።