የድሮ ፒክአፕ የፊት ፍሬን ሸራ፦ ሲጮህ፣ ሲስብ፣ ሲሞቅ ምክንያቱና መፍትሄው

የፊት ዲስክ ፍሬን ሸራ መቀየር ከባድ ስራ አይደለም፣ ጎማ መፍታት የሚችል ሰው ይችለዋል። ችግሩ ብዙ ሰው አሮጌውን ሸራ ያወጣና ሳያየው ይጥላል፣ አዲሱን ያስገባል፣ ከዛ ብዙም ሳይቆይ ያው ድምፅ ያው መሳብ ተመልሶ ይመጣል። ሸራ ማለቁ ያለ ነው ግን አራቱም በግምት እኩል ነው ማለቅ ያለባቸው፣ አንዱ ቀድሞ ካለቀ ወይ ገደድ ብሎ ካለቀ ያስጨረሰው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፣ በድሮ መኪና ላይ ደግሞ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ አለ። ስለዚህ አሮጌዎቹን ስታወጡ ከየት እንደወጡ ምልክት አርጉባቸው፣ ግራ ውስጥ፣ ግራ ውጪ፣ ቀኝ ውስጥ፣ ቀኝ ውጪ ብላችሁ።

ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ

ብዙ ሸራዎች ላይ ቀጭን ብረት አለች፣ ሸራው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) መንካት ትጀምርና ትጮሃለች። አዲስ ሸራ አብዛኛው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው (የጀርባውን ብረት ሳይጨምር)፣ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መቀየር ነው፣ መጠበቅ የለም። ግን ሁሉም ሸራ ይቺ ብረት የለውም፣ በተለይ ርካሾቹ ላይ ስለምትቀር ድምፅ አልሰማሁም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ጎማ በተፈታ ቁጥር በካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው እቃ) ክፍት በኩል አሾልካችሁ ውፍረቱን እዩት።

ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ወይ ፊቱ ተቃጥሎ እንደ መስታወት አንፀባርቋል፣ ወይ ከጀርባው የሚገባው ስስ ቆርቆሮ ወይ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ስፕሪንግ ባለፈው ሲቀየር ተጥሏል። የኋለኛው በጣም የተለመደ ነው፣ ሰው ትርፍ እቃ ይመስለውና ይጥለዋል፣ እቃዋ ግን ስራ አላት መልሷት። ፊቱ ካንፀባረቀ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አርጋችሁ መሞከር ይቻላል፣ ከጀርባው ለፍሬን የተሰራ ቅባት ስስ አርጋችሁ ቀቡት፣ የሚፋተገው ፊት ላይ ግን ምንም ቅባት እንዳይነካው።

ግርርር የሚል፣ ብረት በብረት የሚፋቅ ድምፅ

እዚህ ጋ አቁሙ። ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን እየበላው ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ አጣሩ፣ ፍሬን ሳትረግጡም የሚፋቅ ከሆነ ከዲስኩ ጀርባ ባለው መከላከያ ቆርቆሮ መሀል ጠጠር ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ቆርቆሮው ራሱ ታጥፎ ዲስኩን ነክቶ ይሆናል፣ ይሄ በእጅ ይስተካከላል።

ዲስኩ ከተቦረቦረ ውፍረቱን ለኩ። ዝቅተኛው ውፍረት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርፆ ይገኛል፣ ካጣችሁት የመኪናው መፅሐፍ ላይ አለ። ቶርኖ ላይ ወጥቶ ከተላጨ በኋላ ከዛ ቁጥር በላይ የሚቀር ከሆነ ይላጭ፣ ካልሆነ ይቀየር፣ የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ብዙ የድሮ ፒክአፖች ላይ ዲስኩ እንደ አዲስ መኪና ጎተት ሲያረጉት የሚወጣ አይደለም፣ ከሀቡ (ጎማው የሚታሰርበት መሀለኛው ክፍል) ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሀቡ ከነኩሽኔታው መውጣት አለበት፣ ይሄን ሳታውቁ በመዶሻ መቀጥቀጥ እንዳትጀምሩ።

ፍሬን ስትይዙ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል

እዚህ ላይ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያስበው። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ ግራ ከሳበ ግራው በደንብ እየያዘ ነው፣ ያልያዘው ቀኙ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈቱት ቀኙን ነው። ፍሬን ሳትረግጡ ዝም ብሎ ወደ ግራ የሚስብ ከሆነ ግን ግራው ፍሬን አልለቅ ብሎ ሊሆን ይችላል (የጎማ ንፋስም ቀድማችሁ እዩ)። ለማረጋገጥ ፍሬን ብዙም ሳትይዙ ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና ሁለቱን ቸርኬ ሳትነኩ እጃችሁን አስጠግታችሁ አወዳድሩ፣ ያልለቀቀው በጣም ይሞቃል፣ የተቃጠለ ሽታም አለው።

ያልለቀቀውን ጎማ በክሪክ አንሱና (መደገፊያ ካረጋችሁለት በኋላ) ፍሬኑን ሰው ይርገጥና ይልቀቅ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩ። አልዞር ካለ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን ትንሽ ላላ አርጓት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከለቀቀ ግፊት ታግቶ ነበር ማለት ነው፣ በድሮ መኪና ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ነው፣ ከውጪ ደህና ይመስላል ከውስጥ ግን አብጦ ስለሚዘጋ ዘይቱን ሲረገጥ ያስገባዋል ሲለቀቅ አይመልሰውም። ቱቦ ሲቀየር የሁለቱም ጎን አብሮ ይቀየር። ሁለቱም የፊት ጎማዎች አንድ ላይ የማይለቁ ከሆነ ግን ቱቦ ሳይሆን ወደ ፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው እቃ) ሂዱ፣ ፔዳሉ ማስተሩን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ልል መሆን አለበት፣ ያ ከሌለ ማስተሩ ዘይቱን አይመልስም።

ብሎኗ ላልታም ጎማው ካልዞረ ነገሩ ዘይት አይደለም፣ ወይ ፒስተኑ (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ በዘይቱ ግፊት ሸራውን የሚገፋው) ወይ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ይዟል።

አሮጌው ሸራ ምን ይላል

የውስጡ አልቆ የውጪው ወፍራም ከሆነ፣ አንድ ፒስተን ያለው ተንሸራታች ካሊፐር ላይ፣ አብዛኛው ጊዜ ፒኖቹ ደርቀዋል። ፒስተኑ የውስጡን ይገፋል፣ ካሊፐሩ ግን ተንሸራቶ የውጪውን መሳብ አልቻለም። ፒኖቹን አውጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት አፅዱ፣ የተበሉ ከሆነ ቀይሩ፣ ለፍሬን የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ቀብታችሁ መልሱ፣ በእጅ ገፋ ሲደረጉ በቀላሉ መግባትና መውጣት አለባቸው። ተራ ግራሶ አትጠቀሙ! ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ከወራት በኋላ ፒኑ ከበፊቱ በባሰ ይይዛል። አቧራ የሚከላከለው ጎሚኒ የተቀደደ ከሆነም ይቀየር፣ ፒኑን ያደረቀው እሱ ነው።

ሸራው ገደድ ብሎ ካለቀ፣ አንድ ጫፉ ቀጭን ሌላው ወፍራም፣ አንደኛው ፒን ብቻ ይዟል ወይ ሸራው የሚቀመጥበት ቦታ ዝጓል። የሸራው ጆሮ (የጀርባው ብረት ጫፍ) የሚቀመጥበትን ስስ ቆርቆሮ አንሱትና ከስሩ እዩ፣ ዝገቱ ቆርቆሮውን ገፍቶ ሸራውን አጥብቆት ታገኛላችሁ። በሞረድና በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አፅዱት። አዲስ ሸራ አልገባም ሲል በመዶሻ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፣ እንደዛ የገባ ሸራ አይለቅም፣ በእጅ መግባት አለበት።

የአንድ ጎማ ሁለቱም ሸራዎች አልቀው የሌላኛው ጎማ ካላለቁ፣ ከላይ ያልኩት የቱቦና የፒስተን ነገር ነው። ዘይት ወይ ግራሶ ከነካው ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳታገኙ አዲስ አታስገቡ፣ ወይ ከፒስተኑ ጎሚኒ የፍሬን ዘይት እያንጠባጠበ ነው ወይ ከሀቡ ግራሶ እየወጣ ነው፣ የነካውን ሸራ አጥቤ እጠቀማለሁ አይሰራም።

አራቱም እኩል ያለቁ ግን ቶሎ ቶሎ የሚያልቁ ከሆነ ወደ ኋላ ሂዱ። የኋላ ታምቡር ፍሬን ካልተስተካከለ ወይ ካልሰራ ስራው በሙሉ ፊት ላይ ይወድቃል፣ ጭነት የሚጭን ፒክአፕ ላይ ይሄ ሸራውን በፍጥነት ይበላዋል። የኋላው ሳይታይ የፊት ሸራ እየደጋገሙ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የድሮ ሃይሉክስ ባለ 4 በ 4 ያላችሁ የናንተ ይለያል፣ ካሊፐሩ የማይንቀሳቀስ ባለ አራት ፒስተን ነው፣ የሚንሸራተት ፒን የለውም፣ እዛ ላይ ሸራ እኩል ካላለቀ አንዱ ፒስተን ይዟል ማለት ነው። ጥሩነቱ ካሊፐሩን ሳትፈቱ ሽቦ መያዣዋንና ሁለቱን ረጃጅም ፒኖች አውጥታችሁ ሸራውን ወደ ውጪ መሳብ ትችላላችሁ። አንዱን ፒስተን ስትገፉ ሌላው እንዳይወጣባችሁ አንድ ሸራ አውጥታችሁ አንድ አስገቡ፣ ሁለቱንም አንዴ አታውጡ። ስትመልሱ ሽቦ መያዣዋን እንዳትረሷት፣ ፒኖቹን የምትይዘው እሷ ነች።

አቀያየሩ

ደልዳላ ቦታ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የኋላ ጎማ ላይ ታኮ ገብቶ። የጎማ ብሎኖች መኪናው ሳይነሳ ላላ ይደረጉ። ክሪክ ብቻ አምናችሁ እጃችሁን አታስገቡ፣ ሻንሲው ስር ጠንካራ መደገፊያ ይግባ። ግራና ቀኙ አንዴ ነው የሚቀየሩት ግን ስትፈቱ አንድ በአንድ ፍቱ፣ ግራ ቢገባችሁ ያልተፈታውን አይታችሁ ትገጥማላችሁ። አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉት፣ የድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ነበረ፣ እሱ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ በፍሬን ማፅጃ ወይ በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት።

ካሊፐሩ ሲወርድ በቱቦው አይንጠልጠል፣ በሽቦ ስፕሪንጉ ላይ ወይ ሻንሲው ላይ እሰሩት። ከዛ ፒስተኑ ወደ ውስጥ መገፋት አለበት ምክንያቱም አዲሱ ሸራ ወፍራም ነው። እዚህ ጋ ቀድማችሁ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክፈቱ፣ ሸራ ሲያልቅ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሰው ጎደለ ብሎ ሞልቶበት ከሆነ አሁን ፒስተኑ ሲገፋ ሞልቶ ይፈሳል፣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል። በሲሪንጅ ትንሽ ቀንሱለት። አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አርጋችሁ በሞርሳ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ቀስ እያለ ከገባ ጤነኛ ነው። አልገባም ካለ ዝጓል፣ ያኔ በጉልበት አይደለም መፍትሄው፣ ፒስተኑ ወጥቶ ጎሚኒው ይቀየር፣ ፒስተኑ ራሱ የተበላ ከሆነ እሱም።

እኔ የምመርጠው ፒስተኑ ሲገፋ የአየር ማውጫዋን በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ከፍቶ ነው፣ ካሊፐር ውስጥ የተቀመጠው የቆሸሸ ዘይት ወደ ማስተሩ ከሚመለስ ቢወጣ ይሻላል፣ ግፊቱ ሳይቆም ግን ብሎኗ ትዘጋ፣ አለዚያ አየር ትስባለች። ግን የድሮ መኪና ብሎን ትሰበራለች፣ ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ንፉባት፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ተጠቀሙ፣ እምቢ ካለች ተዉዋት።

አዲስ ዲስክ ካለ ላዩ ላይ የዝገት መከላከያ ዘይት ስላለው በማፅጃ በደንብ ይጠረግ። የካሊፐር ብሎኖች መፅሐፉ ላይ ባለው ልክ ይጠበቁ፣ ይሄን በግምት አትስሩት። ካሊፐር ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ የአየር ማውጫዋ ወደ ላይ መሆኗን እዩ፣ ወደ ታች ከሆነች ግራና ቀኝ ተቀያይሯል፣ ያኔ ስንት ጊዜ አየር ብታወጡ ፔዳሉ አይጠነክርም።

ከተቀየረ በኋላ ፔዳሉ ወለል ይነካል

ያስደነግጣል ግን መጀመሪያ ላይ ይጠበቃል፣ ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ስለተገፉ ሸራው ከዲስኩ ርቋል። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ አንድ ሜትርም ቢሆን፣ ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ደጋግማችሁ ርገጡ። ይሄን የረሳ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን ሲረግጥ ምንም የለም። ስትረግጡ ግን አጭር አጭር፣ እስከ ወለል አትጫኑት፣ በድሮ ማስተር ውስጥ ፒስተኑ ሄዶ የማያውቅበት ጫፍ ላይ ዝገትና ቆሻሻ አለ፣ እዛ ከደረሰ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል፣ ሸራ ቀየርኩ ስትሉ ማስተር ትገዛላችሁ። ፔዳሉ ስር ቁራጭ እንጨት ማስገባት ይሄን ያስቀራል።

ደጋግማችሁ ረግጣችሁም የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቷል፣ አየር ይውጣ። ጠንክሮ ግን ዝቅ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የኋላ ታምቡሩ መስተካከል አለበት። አንዳንዴ ደግሞ ቆሞ ጥሩ ነው፣ ጎርበጥባጣ ከነዳችሁ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ብቻ ጠልቆ ሁለተኛው ደህና ነው። ይሄ የኩሽኔታ ነው። ሀቡ ሲወዛወዝ ዲስኩ ሸራውን ገፍቶ ፒስተኑን ይመልሰዋል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፣ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ይጠበቅ ወይ ይቀየር።

ዘይት ስትጨምሩ ክዳኑ ላይ የተፃፈውን፣ ዶት 3 ወይ ዶት 4፣ ካዲስ ጠርሙስ። ተከፍቶ የቆየ አይሁን፣ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል ከዛ በሙቀት ቶሎ ይፈላል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል

ዲስኩ ውፍረቱ እኩል አይደለም ወይ ሲዞር ይወላገዳል። ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኩና ሀቡ የሚገናኙበትን ቦታ ዝገት አፅዱ፣ ኩሽኔታውንም እዩ፣ የጎማ ብሎኖችም በየተራ ሳይሆን በተቃራኒው እየተሻገራችሁ በእኩል ጉልበት ይጠበቁ።

መጨረሻ ላይ አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ሰው የሌለበት መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳችሁ ሳትቆሙ በለስላሳው እስከ 10 አውርዱት፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ድገሙት፣ አስር ጊዜ ያህል። በዚህ መሀል ግሎ ሳለ ፍሬን ይዛችሁ አትቁሙ። ስትመለሱ ሁለቱን ቸርኬ ሙቀታቸውን አወዳድሩ፣ ከካሊፐሩ ስር እርጥበት ካለ እዩ፣ የጎማ ብሎኖቹንም መልሳችሁ አጥብቋቸው።