መዝገቡ ላይ ያለው ስም የማን ነው? ከባሕር ማዶ ሆነው የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ለሚሆኑ

የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕግ የተጻፈው ቦታው ላይ ላለ ሰው ነው። መሠረታዊ ማኅበር ማለት በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ወይም የሚሠሩ፣ የጋራ ችግራቸውን በጋራ ለመፍታት የተስማሙ፣ ጉባኤ ሲጠራ መጥተው እጃቸውን የሚያወጡ ሰዎች ስብስብ ነው። ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሕጉ አስቀድሞ ያሰበው ሰው አይደለም። ስለዚህ ወንድምዎ ወይም የአክስትዎ ልጅ ደውሎ «የቤት ማኅበር እየተቋቋመ ነው፣ ምዝገባው ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ ላክ» ሲልዎት፣ ስለ ዋጋው ከመነጋገርዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የማን ስም ነው?

አሁን የሚሠራበት ሕግ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። የተካው አዋጅ ቁጥር 147/1991ን እና ማሻሻያውን 402/1996ን ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ብዙ ማኅበራት ዛሬም ይዘውት የሚዞሩት መተዳደሪያ ደንብ በቀድሞው አዋጅ ዘመን የተጻፈ ነው፤ የሚጠቅሰው አንቀጽም የተሻረ ነው። ለምሳሌ በቀድሞው ሕግ ማኅበር ለመመሥረት 10 ሰዎች ይበቁ ነበርና አንዳንዱ አሁንም በዚያው ይቆጥራል። ለሚገቡበት ዓይነት ማኅበር ዛሬ ስንት መሥራች እንደሚያስፈልግ መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት እንጂ አደራጁን አይጠይቁ። ደንቡን በፎቶ አስልከው የመጀመሪያውን ገጽ ይዩ፤ የተመሠረተበት አዋጅ ቁጥር እዚያው ይገኛል።

በነገራችን ላይ፣ የደርግን የገበሬዎች አምራች ማኅበራት፣ መልባና ወልባን የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች ማኅበር ሲባል አሁንም ይሸሻሉ። አይፈረድባቸውም። ያ ማኅበር ከላይ በትእዛዝ የወረደ፣ መሬትና በሬ የጠቀለለ ነበር። የአሁኑ በፈቃደኝነት የሚገቡበትና በፈቃደኝነት የሚወጡበት ነው፤ ቢያንስ ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ነው። በአገራችን ስሙ ላይ «ማኅበር» የሚል ያለበት ተቋም ዓይነቱ ብዙ ነው። አክሲዮን ማኅበርና ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚመሩት በንግድ ሕጉ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ድምፅ የሚቆጠረው በተያዘው አክሲዮን ወይም ድርሻ ልክ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበርም በስሙ ውስጥ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚል ስለሚይዝ በስልክ ሲነገር ከግል ማኅበር ጋር ይምታታል። ምስክር ወረቀቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ሲያዩ ግን ነገሩ ይለያል። የኅብረት ሥራ ማኅበርን የሚመዘግበው እንደ ደረጃውና እንደሚሠራበት ክልል የፌዴራሉ የኅብረት ሥራ ኮሚሽን፣ የክልሉ ወይም የከተማው የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት፣ ብዙ ጊዜም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ከንግድ ቢሮ የወጣ ወረቀት ብቻ ካሳዩዎት፣ የሚገቡበት ነገር የተነገረዎት ነገር አይደለም ማለት ነው።

ማኅበሩ ገና በምሥረታ ላይ ከሆነ ደግሞ የሕግ ሰውነት፣ ማለትም በራሱ ስም መብትና ግዴታ የመያዝ ችሎታ የሚያገኘው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ እንደሆነ አይርሱ። ከዚያ በፊት ያለው ስብስብ አደራጅ ኮሚቴ ነው። ለምዝገባ ከሚቀርቡት ሰነዶች መካከል የመሥራች ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንቡ፣ የአባላቱ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የተመረጡት የኮሚቴ አባላት ዝርዝር፣ የሥራ ዕቅድ፣ እንዲሁም የተሰበሰበው ካፒታል በባንክ መቀመጡን የሚያሳይ ማስረጃ ይገኙበታል። ከባሕር ማዶ ሆነው የሁሉንም ቅጂ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሁሉንም ባይልኩልዎት እንኳ የአባላት ዝርዝሩንና የባንክ ማስረጃውን ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ። ዝርዝሩ ላይ በተራ ቁጥር የሰፈረው ስም የእርስዎ ሳይሆን የወንድምዎ ከሆነ፣ በሕግ ፊት አባሉ ወንድምዎ ነው። እርስዎ ለወንድምዎ ገንዘብ የሰጡ ሰው ነዎት። ከዚያ በኋላ «ገንዘቡ የኔ ነው» ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ክርክሩ ግን ከማኅበሩ ጋር ሳይሆን ከወንድምዎ፣ ምናልባትም ከወንድምዎ ሚስትና ልጆች ጋር ይሆናል። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው የሚለው የቤተሰብ ሕግ ግምት በዚህ ጊዜ ይነሣል።

በራስዎ ስም ለመመዝገብ ማንነትዎ በምን ሰነድ እንደሚገለጽ አስቀድመው ይለዩ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ አብዛኞቹ ወገኖቻችን ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዙ ዜጎች ናቸው፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ አያስፈልጋቸውም። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ሆነው የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ነገር ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን ስለማትቀበል የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሎ ኖሯል። ይህን ክልከላ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያነሣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ በዚህ አዋጅ የሚሰጠው መታወቂያ ነው ቢጫ ካርድ የምንለው። እንግዲህ የቤት ማኅበር ከሆነ ያለ ቢጫ ካርድ አይጀምሩት። ቢጫ ካርድ መያዝ ብቻውን ደግሞ በር ሁሉ አያስከፍትም፤ የቤት ማኅበራት መሬት የሚያገኙት በሊዝ ሕጉና ከተማው ወይም ክልሉ በሚያወጣው መመሪያ ስለሆነ፣ መመሪያው ነዋሪነትን ወይም በከተማው ሌላ ቤት አለመኖርን የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። «ችግር የለም፣ ተነጋግረናል» የሚል መልስ አይበቃም። ከጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ይምጣ።

አሁን ወደ ውክልናው እንምጣ፤ ሰው ብዙ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ኤምባሲ በር ላይ ተዘጋጅቶ የሚቀርበው ጽሑፍ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ «የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ፣ እንዲሸጥልኝ፣ እንዲለውጥልኝ፣ ስመ ሀብቱን እንዲያዛውርልኝ፣ በባንክ ያለ ገንዘቤን ወጪ እንዲያደርግልኝ፣ ጠበቃ እንዲወክልልኝ…» እያለ ይወርዳል። ይህን ሰው የሚፈርመው ተመላልሶ ላለመሰለፍ ብሎ ነው። ተወካዩ ግን ለአንድ ዕጣ፣ ማለትም ለአንድ የማኅበር ድርሻ ክፍያ ተልኮ ያለዎትን ሁሉ የሚሸጥ ሰው ሆኖ ይወጣል። ስስታም ይበሉኝ እንጂ ለአንድ ማኅበር ጉዳይ እንዲህ ያለ ውክልና በፍጹም አይስጡ።

በሌላ በኩል «ጉዳዮቼን እንዲያስፈጽምልኝ» የሚል ደፈናዊ ውክልናም አይሠራም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ስጦታ ማድረግ፣ በክስ መሟገት፣ እንዲሁም ካፒታልን በአንድ ማኅበር ውስጥ ማስገባት በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። የመጨረሻውን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ጠባብና ግልጽ ይሁን፤ ለምሳሌ በዚህ ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፦

«በደብረ ብርሃን ከተማ በሚቋቋመው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር በስሜ አባል አድርጎ እንዲያስመዘግበኝ፣ የመመሥረቻ ሰነዶችን እንዲፈርምልኝ፣ የመመዝገቢያና የዕጣ ክፍያ በስሜ እንዲከፍልልኝ፣ ደረሰኝና የአባልነት ደብተር እንዲቀበልልኝ፣ በጉባኤ እንዲገኝልኝ ወክዬዋለሁ። ዕጣዬን እንዲሸጥ፣ ለሌላ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ ወይም ሌላ ሰው እንዲወክል ግን አልወከልኩትም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ትልቅ ነው። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ከተፈረመ በኋላ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል። ውክልናን በፈለጉ ጊዜ መሻር ይችላሉ፤ ሲሽሩ ግን ለተወካዩ ብቻ መናገር አይበቃም፤ ለማኅበሩና ውክልናውን ለመዘገበው መሥሪያ ቤትም በጽሑፍ ያስታውቁ። መሻሩን ሳያውቁ ከተወካይዎ ጋር ውል የገቡ ሰዎች ሌላ ጣጣ ናቸው።

«በጉባኤ እንዲገኝልኝ» የሚለውንም ከመጻፍዎ በፊት የማኅበሩን ደንብ ያንብቡ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ልማድ አባሉ ራሱ ቀርቦ ድምፅ መስጠቱ ነው። ደንቡ ተወካይን ስለመቀበሉ፣ ተወካዩ ቢገኝ ደግሞ ድምፅ ይስጥ ወይስ ተመልካች ይሁን፣ በስንት ተከታታይ ጉባኤ መቅረት ከአባልነት እንደሚያሰናብት ተጽፎ ካላገኙ በጽሑፍ ይጠይቁ። በሁለት ጉባኤ ያልተገኘ አባል ይሰረዛል የሚል ደንብ ላለበት ማኅበር ከባሕር ማዶ መክፈል ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ከዚሁ ጋር፣ ገንዘብ የላከ ሁሉ አዛዥ የሚሆን ይመስለዋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፤ አንድ ዕጣ የገዛውም ሃምሳ የገዛውም እኩል ናቸው። አንድ አባል ከተከፈለው ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ የሚለው ገደብም ከ147/1991 ጀምሮ የታወቀ ነው። ለትውልድ ቀዬዎ ወፍጮ ወይም ትራክተር አስገብተው ሥራውን ራስዎ መምራት ከፈለጉ፣ የገበሬ ማኅበር ስም ለብሰው አይግቡ፤ የንግድ ድርጅት ያቋቁሙ። ማኅበሩን መርዳት ከሆነ ሐሳብዎ ደግሞ ስጦታ ብለው ይስጡና ስጦታ መሆኑን ያስጽፉ። ግማሽ ስጦታ ግማሽ ድርሻ የሆነ ገንዘብ በአገር ቤት ብዙ ወዳጅነት አበላሽቷል።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም ወደ ተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሊቀመንበሩ ምንም ያህል የተከበሩ ሰው ቢሆኑ ወደ ግል ሒሳባቸው አይላኩ። የባንክ ማስገቢያው ወረቀት ለብቻው አይበቃም። ተከታታይ ቁጥርና ማኅተም ያለው የማኅበሩ ገቢ ደረሰኝ ይቆረጥልዎ፤ ደረሰኙም «የመመዝገቢያ»፣ «የዕጣ» ወይም «የቁጠባ» መሆኑን ለይቶ ይጻፍ። መመዝገቢያ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ዕጣ ሲወጡ እንደ ደንቡ ይታያል፤ ቁጠባ የራስዎ ተቀማጭ ነው። ሁሉም በአንድ ደረሰኝ «የአባልነት ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሲወጡ የትኛው እንደሚመለስልዎ የሚወስነው የዚያን ጊዜው ኮሚቴ ይሆናል።

ስለ ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት አንድ ነገር ልጨምር። የወለድ ተስፋቸው ከባንክ ከፍ ስለሚል ብዙ ሰው ይሳባል። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው ግን የባንኮችንና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን ደንበኞች ነው። በእነዚህ ማኅበራት ያስቀመጡት ገንዘብ መድን የለውም፤ መድኑ የኮሚቴው ታማኝነትና የኦዲተሩ ንቃት ነው።

ከገቡ በኋላ በየዓመቱ ሁለት ወረቀት ይጠይቁ፤ የጠቅላላ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤና የኦዲት ሪፖርቱን። ማኅበር ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡ መመርመር አለበት፤ በተግባር የሚዘገይባቸው ግን ብዙ ናቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙትን ሰዎች ቁጥር ከፊርማዎቹ ጋር ያስተያዩ፤ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል ተብሎ ፊርማው ከግማሽ በታች ከሆነ ጥያቄ ያንሡ። የሥራ አመራር ኮሚቴው የሚመረጠው ለ3 ዓመት ስለሆነ፣ ምርጫ ሳይደረግ ያለፈ ዘመን ካለም ይጠይቁ። በመጀመሪያ ለቁጥጥር ኮሚቴው፣ መልስ ካጡ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። በአባላትና በማኅበሩ መካከል ለሚነሣ ክርክር ሕጉ ያስቀደመው ዕርቅንና የግልግል ዳኝነትን ነው፤ በቀጥታ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው መዝገቡ ተዘግቶበት ሊመለስ ይችላል።

ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። ተወካይዎ ከዚያ በኋላ በስምዎ አንድ ደረሰኝ እንኳ መቀበል አይችልም፤ ዕጣው ወደ ወራሾችዎ ይሄዳል። ባለቤትዎና ልጆችዎ ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ከሆኑ ደግሞ የማኅበሩን ስም እንኳ ላያውቁት ይችላሉ። ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ የወራሽዎን ስም ዛሬውኑ በአባላት መዝገብ ላይ ያስጽፉ፤ የአባልነት ደብተሩን፣ የደረሰኞቹንና የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ቤትዎ ከሌሎች ሰነዶችዎ ጋር ያስቀምጡ፤ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ስምና አድራሻም በሚገባቸው ቋንቋ ጽፈው ያያይዙበት።