ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት፦ ከውጭ አገር ሆነው በአዳማ የገቢና የወጪ ንግድ ለሚያካሂዱ ወገኖች

ውጭ አገር እየኖሩ አዳማ ላይ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት ወይም አነስተኛ ፋብሪካ ከወንድም፣ ከእህት ወይም ከዘመድ ጋር የሚያንቀሳቅሱ ወገኖች ስለ ጉምሩክ መጠየቅ የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሊስተካከል የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። የሚከፈለውን ቀረጥና ታክስ የሚወስኑት ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም የዕቃው ዋጋ፣ የታሪፍ ምድቡና የሥሪት አገሩ፣ ዕቃው ከሻጩ መጋዘን ሳይወጣ በወረቀት ላይ የሚሰፍሩ ናቸው። እነዚህን ደግሞ አዳማ ካለው ተወካይዎ ይልቅ ለሻጩ የሚቀርቡት እርስዎ በተሻለ ሊቆጣጠሯቸው ይችላሉ።

አስቀድሞ ግን የውክልናው ጉዳይ መልክ መያዝ አለበት። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሰጠ ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በአገር ውስጥ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት በኩል ካላለፈ ተወካዩ ሊሠራበት አይችልም። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ይዘቱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ የሚሸፍን ሲሆን፣ ለመክሰስ፣ ለመከሰስና ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንድምዎ የጉምሩክ ሰነድ እንዲፈርም፣ ትራንዚተር (ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ወኪል) እንዲቀጥር፣ በተወሰነው ቀረጥ ላይ ቅሬታ እንዲያቀርብና ይግባኝ እንዲል የሚፈልጉ ከሆነ እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ ተጠቅሶ ይጻፍ። የውጭ ዜግነት የያዙ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድና በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመቆጠር መብት እንዳለ ያስታውሱ፤ የአስመጪነት ወይም የላኪነት ንግድ ፈቃዱ በማን ስም እንደሚወጣ የሚወሰነው ይህን መሠረት አድርጎ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በኢንሹራንስና በማጓጓዣው ድምር፣ ነጋዴው ሲአይኤፍ በሚለው ዋጋ ላይ ነው። ሲአይኤፍ ዋጋው 100,000 ብር የሆነ፣ ኤክሳይዝ ታክስ የሌለበትና የጉምሩክ ቀረጡ 30 በመቶ የሆነ ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 30,000 ብር ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ቢሆንም የሚሰላው በ130,000 ብር ላይ ስለሆነ 19,500 ብር ይደርሳል። 10 በመቶ ሱር ታክሱም (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ታክስ) በተራው የተጨማሪ እሴት ታክሱን ጨምሮ በ149,500 ብር ላይ ስለሚሰላ 14,950 ብር ነው። ከዚያ በሲአይኤፍ ዋጋው ላይ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር፣ እና 3 በመቶ ሶሻል ዌልፌር ሌቪ፣ ማለትም ለማኅበራዊ ደኅንነት የሚሰበሰብ ክፍያ፣ እያንዳንዳቸው 3,000 ብር ይታሰባሉ። ድምሩ 70,450 ብር ነው። «ቀረጡ 30 በመቶ ነው» ተብሎ የተነገረው ሰው 30,000 ብር ብቻ አዘጋጅቶ ቢጠብቅ ዕቃው ወደብ ላይ ይቀራል፤ የመጋዘን ኪራዩና የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያውም መቁጠር ይጀምራል። ዊዝሆልዲንጉ በዓመቱ መጨረሻ ከንግድ ትርፍ ግብሩ ላይ የሚቀናነስ ስለሆነ ደረሰኙ ከሒሳብ ሠራተኛው እጅ መግባቱን ያረጋግጡ።

የምንዛሪ ተመኑም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ አለ። በውጭ ገንዘብ የተጻፈው ዋጋ ወደ ብር የሚቀየረው ዕቃው በተገዛበት ቀን ተመን ሳይሆን ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) በሚመዘገብበት ጊዜ በሥራ ላይ ባለው ተመን ነው። የምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። 10,000 ዶላር ያወጣ ዕቃ ባሕር ላይ የነበረው አስመጪ፣ በዶላር የከፈለው ሳይለወጥ የቀረጡ መነሻ ከ570,000 ብር ገደማ ወደ አንድ ሚሊዮን ብር ከፍ ብሎ ጠበቀው። ስለዚህ ለቀረጥ የሚልኩትን ገንዘብ ዕቃው በተጫነበት ቀን ተመን ልክ ብቻ አይወስኑ።

ስለ ዋጋው ግልጹን መናገር ያስፈልጋል። ሻጩ «ለጉምሩክ የሚሆን» ዝቅ ያለ ሁለተኛ ኢንቮይስ ላዘጋጅልዎ ቢል አይቀበሉ። የጉምሩክ ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት የሚነሣው በእርግጥ ከተከፈለው ዋጋ ቢሆንም፣ የቀረበውን ዋጋ እውነተኛነት ከተጠራጠረ ወደ ሌሎቹ የዋጋ መተመኛ ዘዴዎች ይሄዳል፤ ተመሳሳይ ዕቃዎች የገቡበትን ዋጋም ያውቃል። በባንክ የተላለፈው ገንዘብና ኢንቮይሱ ካልተጣጣሙ ነገሩ ከክርክር አልፎ ወደ ቅጣትና ወደ ክስ ይሻገራል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ጉዳት አለ፤ ዕቃው አዳማ ላይ ሲሸጥ እንደ ወጪ የሚያዘው በዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ዋጋ ስለሆነ፣ ጉምሩክ ላይ ተደብቆ የቀረው ዋጋ በንግድ ትርፍ ግብር ጊዜ ትርፍ ሆኖ ይወጣል።

የታሪፍ ምድቡ የሚበላሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኢንቮይሱ ላይ ካለ አንድ መስመር የተነሣ ነው። የዳቦ ምድጃ ከነመለዋወጫው የላከ ሻጭ «የማሽን ዕቃዎች፣ አንድ ጥቅል» ብሎ ቢጽፍ ፈታሹ ምድጃውን፣ ማቡኪያውን፣ ሞተሩንና ብሎኑን ራሱ ለያይቶ መመደብ ግድ ይሆንበታል፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መጣኔ የሚያገኝበት ዋጋም የለውም። ሻጩ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ሞዴል፣ የተሠራበትን ነገር፣ ብዛት፣ ክብደትና የነጠላ ዋጋ በየመስመሩ እንዲጽፍ ያድርጉ። ፓኪንግ ሊስቱም (የጭነቱ ዝርዝር) በየትኛው ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ያሳይ። ምድቡ አጠራጣሪ ከሆነ፣ የዕቃውን ካታሎግ አያይዞ ኮሚሽኑን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ በኋላ ከሚመጣ ክርክር እጅግ ይሻላል። ማሽኑ በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነፃ የሚገባ ከሆነም ፈቃዱና የተፈቀደው የዕቃ ዝርዝር ከጭነቱ መቅደም አለባቸው።

የሥሪት አገር ማለት ዕቃው የተገዛበት አገር ማለት አይደለም። ዱባይ የተገዛ የቻይና ዕቃ ቻይና ሠራሽ እንደሆነ ይቀራል። ከኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል አገር የመጣና የሥሪት አገር ማረጋገጫ ያለው ዕቃ የ10 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ የሚያገኝ ሲሆን፣ ይህም በመጣኔው ላይ የሚታሰብ ስለሆነ 30 በመቶው 27 በመቶ ይሆናል ማለት ነው።

ተሽከርካሪ ለቤተሰብ መላክ የሚፈልጉ ሰዎች በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ሳያጣሩ ገንዘባቸውን አይክፈሉ።

ከአዳማ ወደ ውጭ ስለ መላክ ደግሞ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ጉዳዩ በእኛ ነጋዴዎች ዘንድ የሚገባውን ያህል አይነገርለትምና። ዳምፒንግ ማለት አንድን ዕቃ በአገር ውስጥ ከሚሸጥበት ዋጋ በታች ለውጭ ገበያ ማቅረብ ነው። በንግዱ ዓለም እንደሚታወቀው፣ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ሲባል የወጪ ምርትን አገር ውስጥ ከተገዛበት ዋጋ አሳንሶ መሸጥና ኪሳራውን በገቢ ዕቃ ትርፍ ማካካስ ለዓመታት የቆየ ልማድ ነው። ይህ አሠራር በተቀባዩ አገር ሕግ ዓይን ምን ስም እንዳለው ማወቅ አለብን። አገር ውስጥ 100 ብር የሚሸጥ ምርት ለውጭ ገዥ በ80 ብር ቢሰጥ ልዩነቱ 20 ብር ነው፤ የሚለካውም ከወጪ ንግድ ዋጋው አንጻር ስለሆነ የዳምፒንግ ህዳጉ፣ ማለትም ልዩነቱ በመቶኛ ሲገለጽ፣ 25 በመቶ ይደርሳል።

ዋጋው ማነሱ ብቻ ግን ለቅጣት አያበቃም። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. አባል ለመሆን ያመለከተችበት የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት እንደሚደነግገው፣ ዳምፒንጉ፣ በተቀባዩ አገር አምራቾች ላይ የደረሰው ጉዳትና በሁለቱ መካከል ያለው የምክንያትና ውጤት ግንኙነት ሦስቱም መረጋገጥ አለባቸው። ህዳጉ ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ምርመራው ይቋረጣል። ከአንድ አገር የሚገባው መጠን ተቀባዩ አገር ከሚያስገባው የዚያ ዓይነት ዕቃ ከ3 በመቶ በታች ከሆነም ብዙውን ጊዜ ችላ ይባላል፤ የኢትዮጵያን አነስተኛ ላኪዎች እስካሁን ከለላ የሆናቸው በእኔ እምነት ይኸው የመጠናቸው ማነስ ነው። ተቀባዩ አገር በዕቃው ላይ የሚጥለው ተጨማሪ ቀረጥ፣ ማለትም ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ፣ በአምስት ዓመት የሚያበቃ ሲሆን፣ በክለሳ ግን ሊራዘም ይችላል።

ምርመራ ከተከፈተ የላኪው መጠይቅ ይመጣል፤ መልስ ለመስጠት የሚፈቀደውም ቢያንስ 30 ቀን ነው። መልስ ያልሰጠ ላኪ ላይ ውሳኔው የሚሰጠው በተገኘው መረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሳሹ የተቀባዩ አገር አምራች ባቀረበው መረጃ ነው። የእርስዎ ሚና እዚህ ላይ ከፍ ያለ ነው፤ መጠይቁ የሚጻፍበትን ቋንቋና ሥርዓት ከአዳማው ቢሮ ይበልጥ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ይሁንና ያለ መዝገብ የሚሰጥ መልስ የለም። የአገር ውስጥ ሽያጭ ደረሰኝ፣ የጥሬ ዕቃ፣ የደመወዝና የመብራት ወጪ በየምርቱ ተለይቶ ካልተያዘ፣ መደበኛው ዋጋ (ከወጪ ንግድ ዋጋው ጋር የሚነጻጸረው የአገር ውስጥ ዋጋ) በሌላ ሰው ግምት ይሰላል። ጥሬ ዕቃውን ከውጭ አስገብተው አዳማ ላይ የሚያመርቱና በአዋጅ ቁጥር 768/2004 መሠረት የቀረጥ ተመላሽ ወይም ቫውቸር (ለወጪ ምርት በሚገባ ጥሬ ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ የሚመዘገብበት ሰነድ) የሚጠቀሙ ከሆነም ይህንኑ መዝገብ ለሁለቱም ጉዳይ ይገለገሉበታል።

ራስዎ በሚኖሩበት አገር አስመጪ ከሆኑ ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጡ የሚጠየቀው ከላኪው ሳይሆን ከእርስዎ መሆኑን አይርሱ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በዕቃው ኮድ ላይ የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ መኖር አለመኖሩ ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የኅብረቱ የታሪፍ መረጃ ቋት ይታያል። በአሜሪካ ደግሞ ዳምፒንጉን የንግድ ሚኒስቴሩ፣ ጉዳቱን የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽኑ የሚያጣሩ ሲሆን፣ አስመጪው መጀመሪያ የሚከፍለው ማስያዣ ነው፤ ትክክለኛው መጣኔ በዓመታዊ ክለሳ ስለሚወሰን ዕቃው ተሽጦ ካለቀ ከረጅም ጊዜ በኋላ ተጨማሪ ሒሳብ ሊመጣ ይችላል። በተጨማሪም ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ከተጣለበት አገር የመጣን የዕቃ ክፍል ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቂት ነካክቶ የኢትዮጵያ ምርት ነው ብሎ መላክ ከቀረጡ አያድንም።

አዳማ ላይ የሚያመርቱና ከውጭ በሚገባ እጅግ ርካሽ ዕቃ ገበያቸው የተወሰደባቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ «ዳምፒንግ ነው» ብለው ያማርራሉ። የታሪፍ መጣኔው ይሻሻልልን የሚል ጥያቄ ለገንዘብ ሚኒስቴር፣ የንግድ አሠራር አቤቱታ ደግሞ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሚቀርብ ሲሆን፣ በሁለቱም ዘንድ ክብደት የሚኖረው ማስረጃ ዕቃው በተሠራበት አገር ስንት እንደሚሸጥ የሚያሳየው ነው። ይህን ማስረጃ አዳማ ያለው ወንድምዎ ሊያገኘው አይችልም። ዕቃው በሚመረትበት አገር የሚኖሩ ከሆነ ግን ተመሳሳዩን ዕቃ፣ በተመሳሳይ መጠንና ጥራት፣ ከፋብሪካው ወይም ከጅምላ ሻጩ ቀኑ በተጻፈበት ደረሰኝ ይግዙ፤ የአገሩ የሽያጭ ታክስና የማጓጓዣው ወጪ ተለይቶ እንዲታይ ይጠይቁ። ደረሰኙን ከነትርጉሙ ይላኩለት።