ፍሪስታይል ሞቶክሮስ፦ ከመገልበጥህ በፊት

ፍሪስታይል ሞቶክሮስ በሞተር ሳይክል እየዘለሉ አየር ላይ ትርኢት ማሳየት ነው። አሜሪካዊው ጋላቢ ትራቪስ ፓስትራና እ.ኤ.አ. በ2006 ሎስ አንጀለስ በተካሄደው ኤክስ ጌምስ በተባለው የስፖርት ውድድር ሞተሩን አየር ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ገልብጦ በጎማው ሲያርፍ ያየ ሰው እኔም ልሞክር ማለቱ አይቀርም። ተው! መጀመሪያ ተራ ሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈር መንገድ ላይ የሚደረገውን የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም፣ ንዳ። የአፈር ጉብታ ዘለህ ሳትደናገጥ ማረፍ እስክትችል ራምፕ (የመዝለያ ተዳፋት) አጠገብ አትድረስ።

ዋናው ሚስጥር ቀኝ እጅህና ቀኝ እግርህ ላይ ነው። አየር ላይ እያለህ የፊት ጎማው ወደ ታች ከደፋ ነዳጅ ስጠው፤ የኋላው ጎማ ሽክርክሪቱን ሲጨምር ፊቱ ቀና ይላል። ከልክ በላይ ቀና ካለ ደግሞ ፍሪሲዮን ይዘህ የኋላ ፍሬን ርገጥ፣ ይደፋል። (ፍሪሲዮኑን ከረሳህ ሞተሩ እዚያው አየር ላይ ይጠፋብሃል፣ ያኔ ነው ጉዱ።) ይሄ ሳታስብ የምታደርገው ነገር እስኪሆን ድረስ ደጋግመው።

ትሪክ (የአየር ላይ ትርኢት) ከቀላሉ ይጀመራል። አንድ እጅ መልቀቅ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር ከመርገጫው ማንሳት፣ ቀጥሎ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪው ጄረሚ ማክግራዝ በ1990ዎቹ ያስለመደው ናክናክ፣ ማለትም አንዱን እግር ከኮርቻው በስተኋላ አሻግሮ ቶሎ መመለስ። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

መገልበጥ የሚለመደው በስፖንጅ በተሞላ ጉድጓድ ነው። የጋለ ጭስ ማውጫ ስፖንጁን ሊያቀጣጥለው ስለሚችል እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር። ሄልሜት፣ የአንገት መከላከያ፣ ጠንካራ ቦት ጫማ ግድ ነው። ብቻህንም አትለማመድ፤ ስትወድቅ ሞተሩን ከላይህ የሚያነሳልህ ሰው ያስፈልግሃል።