የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ለመሆን የሚያስፈልጉ ክህሎቶችን ደረጃ በደረጃ እንዴት ማዳበር ይቻላል

ከቃሊቲ አልፎ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም መስመር የተተከሉ ፋብሪካዎችም ሆኑ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ የልብስ ስፌት ሼዶች ምርታቸውን የሚፈትሽ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ሥራ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ምስክር ወረቀቱ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው በትክክል መለካትና የለኩትን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ መመዝገብ ነው።

ስለዚህ በመለኪያ ይጀምሩ። እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር የሚያነብ ቬርኒየር ካሊፐር ይዘው፣ መንጋጋዎቹን ገጥመው ዜሮ ላይ መቆሙን ካረጋገጡ በኋላ፣ አንዱን ዕቃ ደጋግመው ይለኩና ንባቦችዎ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይመልከቱ። ጥሩ መለማመጃ የሚሆነው በየግንባታው ሥፍራ የሚወድቀው የፌሮ ቁራጭ ነው። ፌሮ ጥርስ ስላለው ካሊፐር ውፍረቱን አሳስቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ክብደቱ ግን እውነቱን ያወጣል። ፌሮው የሚጠራበትን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ወስደው በራሱ ካባዙትና ለ162 ካካፈሉት የአንድ ሜትር ክብደቱን በኪሎ ግራም ያገኛሉ። በዚህ ስሌት የባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንድ ሜትር 0.89 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን አለበት፤ ሚዛኑ ከዚህ በጣም ያነሰ ካሳየ፣ የፌሮው የጥራት ደረጃ (ስታንዳርድ) የሚፈቅደውን ልዩነት አይተው ይፍረዱ።

ቀጥሎ ናሙና አወሳሰድን ይማሩ። በልብስ ፋብሪካዎች በሚሠራበት አይሶ 2859-1 በተባለው ዓለም አቀፍ የናሙና አወሳሰድ ደረጃ መሠረት፣ በመደበኛው የፍተሻ ደረጃና በ2.5 ተቀባይነት ያለው የጥራት ወሰን (AQL)፣ ከ1,000 ሸሚዝ 80 ይወሰዳል፤ እስከ 5 ጉድለት ቢገኝ ምርቱ ያልፋል፣ 6 ከደረሰ ይመለሳል። ሰማንያውን ከላይኛው ካርቶን ብቻ ማንሳት ግን ራስን ማታለል ነው።

ከዚያም ቁጥሮቹን በኤክሴል ወደ ቁጥጥር ቻርት፣ ማለትም ልኬቶቹን በተወሰዱበት ቅደም ተከተል በነጥብ ወደሚያሳይ ሥዕል፣ ይለውጡ። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዋልተር ሼዋርት በ1924 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ይህ ሥዕል ከአማካዩ በላይና በታች ሦስት ሦስት መደበኛ ልይይት (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚያሳይ መለኪያ) የራቁ ወሰኖች አሉት። ከወሰን የወጣ ነጥብ ምክንያቱ ይፈለግለታል፤ በወሰኑ ውስጥ ለሚዋዥቅ ነጥብ ሁሉ ማሽኑን መነካካት ግን ልዩነቱን ያባብሰዋል። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻም ሪፖርት ማቅረብን ይለማመዱ። ለፎርማኑ «ስፌቱ ጥሩ አይደለም» ከማለት ይልቅ «ከ80 ሸሚዝ በ7ቱ የአንገት ስፌት ዘሏል፤ 6ቱ ከአንድ ማሽን የወጡ ናቸው» ማለት ጭቅጭቁን ያሳጥራል፣ መካኒኩንም ወዴት እንደሚሄድ ያመለክተዋል። በገላንና በዱከም ደግሞ ይህንኑ በአፋን ኦሮሞ ማስረዳት የሚችል ተቆጣጣሪ፣ ከሠራተኛው ጋር ያለ አስተርጓሚ ስለሚግባባ፣ የጉድለቱን ምክንያት ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ መጠየቅ ይችላል።